ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረው የምጽዋ ምሽግ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን በኤርትራ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ወደ ምጽዋ ይወስደናል። ርእሳችን ከባሕር የሚመጣን ወራሪ ለመመከት የተሠራ ምሽግ ነው። ያን ያህል የታጠረች ከተማ እንዴት ወደቀች?

ምጽዋና የዳሕላክ ደሴቶች ለሙስሊሙ እንግዳ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሶሓቦች ባሕሩን ተሻግረው በዚያ አካባቢ እንዳረፉ በትውፊት ይነገራል፤ በስማቸው የሚጠራ መስጊድም በምጽዋ አለ። በዳሕላክ ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ በዐረብኛ የተጻፈባቸው የመቃብር ድንጋዮች ይገኛሉ። ከተማዋ የባሕር በር በመሆኗ ግን ብዙዎች ተፈራርቀውባታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዑስማኒያ ቱርኮች፣ በ19ኛው ግብጾች፣ ከ1877 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ጣልያኖች ያዟት።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ጣልያን አገራችንን ሲወር ወታደሩንና ስንቁን በብዛት ያራገፈው በዚሁ ወደብ ነበር። አምስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣልያን በእንግሊዝና በፈረንሣይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ፣ የስዊዝ ቦይና ዓደን በእንግሊዞች ቁጥጥር ሥር ስለነበሩ ወደ አገሩ የሚወስደው የባሕር መንገድ ተዘጋበት። በወረራ የገባው ኃይል በተራው መወረርን ፈራ። በምጽዋ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ መድፎች አፋቸውን ወደ ባሕር አዙረው ይጠብቁ ነበር፤ በመርከቦች መተላለፊያም የባሕር ፈንጂ ተጠመደ። የሁለቱ ሥራ የተያያዘ ነው። ፈንጂው ጠላትን ወደ ጠባብ መስመር ይገፋዋል፤ መድፉ በዚያው መስመር ላይ ይጠብቀዋል።

እንግሊዞች ግን በዚያ በር አልመጡም። ከሱዳን ተነሥተው በየብስ ገቡ። ከባዱ ውጊያ የተደረገው ከባሕሩ ርቆ፣ በከረን ተራሮች ላይ ነው። ከጥር 26 እስከ መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ደም ፈሰሰ። በእንግሊዝ በኩል ከተሰለፉት የሕንድ ክፍለ ጦሮች ውስጥ የፑንጃብ ሙስሊሞችም ነበሩ። ከረን ከተያዘች በኋላ መጋቢት 23 ቀን አስመራ እጅዋን ሰጠች።

ጣልያኖች ከመሐል አገር ጦር አምጥተው ለምን አልደረሱላቸውም? አንዱ ምክንያት አርበኞቻችን ናቸው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በሸዋ ያለው የጣልያን ጦር ከያለበት እንዳይነቃነቅ ይዘውት ነበር። አየር ጤናን አልፎ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወሊሶ አካባቢ፣ ገረሱ ዱኪና ተከታዮቻቸው ለጠላት ዕረፍት አልሰጡትም። ባሕር አይተው የማያውቁ አርበኞች በዚህ መንገድ ለባሕሩ ምሽግ መውደቅ ድርሻ ነበራቸው።

የምጽዋው አዛዥ አድሚራል ማሪዮ ቦኔቲ እጅ እንዲሰጥ ተጠይቆ እምቢ አለ። የቀሩት አጥፊ መርከቦች ፖርት ሱዳንን ሊመቱ ወጡ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። የሕንድ ጦርና የነጻ ፈረንሣይ ወታደሮች ከየብስ በኩል አጠቁ። ፈረንሣዮቹ በከተማዋ ጀርባ፣ በእምኩሉ ያለውን ምሽግ ያዙ። መጋቢት 30 ቀን ምጽዋ ወደቀች። ጣልያኖች ብዙ መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው አስጥመው ወደቡን ዘጉት። በ1934 ዓ.ም. አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጥቶ የሰጠመውን የማንሣት ሥራ ጀመረ።

አድማጮቻችን፣ ይህን ታሪክ በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ ከተቆፈረው ኸንደቅ ጋር ብናስተያየው ትምህርት እናገኛለን። በሰልማን አልፋሪሲ (ረ.ዐ.) ምክር ጉድጓዱ የተቆፈረው ክፍት በሆነው በሰሜን በኩል ነበር፤ ሌላውን ጎን ድንጋያማው ምድር፣ ቤቶቹና የተምር እርሻው ይከላከሉት ነበር። ከበስተጀርባ ስጋት በተነሣ ጊዜም ከጦሩ ተቀንሶ ቤተሰቦችን የሚጠብቅ ኃይል ወደ ከተማዋ ተላከ። ከሁሉም በላይ ቆፋሪዎቹ የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አብረዋቸው አፈር ተሸክመዋል።

የምጽዋ መድፎች ይህ አልነበራቸውም። የሚጠብቁት በጉልበት የተያዘን ምድር ነበር፤ ከኋላቸው ያለው አገርም በወራሪው ላይ ተነሥቶ ነበር። ወደ ባሕር ያዞሩት አፍ ለዚያ አልበጀም። ምጽዋ ከወደቀች በሃያ ሰባተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአርበኞች ጋር አዲስ አበባ ገቡ።

ወላሁ አዕለም። ለሳምንት በሰላም ያገናኘን።