ሬስ ኮንዲሽን ምንድን ነው? ሎክ እያለስ እንዴት ይፈጠራል?

ሬስ ኮንዲሽን ሁለት የፕሮግራም ሥራዎች አንድ ዳታ ላይ ሲሻሙ፣ ውጤቱ "ማን ቀደመ?" በሚለው ሲወሰን የሚፈጠር ስህተት ነው። መከላከያው ሎክ ይባላል፤ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል።

ሎክ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2021 ተመራማሪው አሌክሳንደር ፖፖቭ በሊኑክስ ከርነል የኔትወርክ ኮድ፣ ቪሶክ በተባለው ክፍል ያገኘውን እንይ። ቪሶክ ቨርቹዋል ማሽን ከዋናው ኮምፒውተር ጋር የሚያወራበት መስመር ነው።

ኮዱ የትኛውን ማስተላለፊያ እንደሚጠቀም የሚነግረውን አድራሻ የሚያነበው ሎኩን ከመያዙ በፊት ነበር። ተራው እስኪደርስ ሌላ ሥራ ማስተላለፊያውን ይቀይረዋል። የጓደኛችሁን የኪራይ ቤት አድራሻ ይዛችሁ ስትሄዱ እሱ ለቅቆ እንደጠበቃችሁ አስቡት፤ የምታንኳኩት የሌላ ሰው በር ነው።

ፖፖቭ በዚህ ቀዳዳ ተራ ተጠቃሚ የሩት ሥልጣን ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል።

ጥገናውስ? አድራሻውን የሚያነበውን መስመር ከሎኩ በታች ማውረድ፣ በቃ! ተመሳሳይ ስህተት አምስት ቦታ ነበር፤ ማስተካከያው በከርነል 5.10.13 ገባ።

የአንድሮይድ ስልካችሁም ከርነል ሊኑክስ ነው። የደህንነት አፕዴት ሲመጣ "በኋላ" የሚለውን አትጫኑ እንላለን።