ጥርስን ሳይነቅሉ ስለ ማዳን

ከቦሌ ዋና ጎዳና ተነሥታችሁ ወደ ቦሌ ሚካኤል ስትወርዱ በየፎቁ ከተሰቀሉት ሰሌዳዎች መካከል ጥርስ የተሣለበትን ሳታዩ አታልፉም። ከ«መንቀል» እና ከ«መሙላት» ቀጥሎም «የጥርስ ሥር ሕክምና» የሚል ይነበባል። አባቶቻችን የመጀመሪያውን ቃል አሳምረው ያውቁት ነበር፤ የመጨረሻውን ግን ብዙዎቹ ሳይሰሙት አልፈዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር ይህ ሰፈር ገና የከተማው ዳርቻ ነበር፤ በዚያን ዘመን ጥርሱ ሲጠዘጥዘው ያደረ ሰው ሲነጋ የሚፈልገው የሚነቅልለትን ነበር። ከመንቀል ወደ ማዳን የተደረሰበት መንገድ ረዥም ነው፤ ታሪኩን ማወቅም ዛሬ በሐኪሙ ወንበር ላይ ለሚቀመጥ ሰው ይጠቅመዋል።

በጥንት ዘመን ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባል ነበር። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ የባቢሎን ሰዎች በሸክላ ጽላት ላይ ጽፈውታል፤ አውሮፓም ለብዙ መቶ ዓመታት አምኖበት ኖሯል። በአገራችን የእምቧይ ወይም የአስተናግር ፍሬ ከፍም ላይ ይደረግና በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ፥ አፉን ከፍቶ ይታጠናል፤ ትሉም ይወድቃል ይባላል። በአውሮፓም የእነዚሁ ተክሎች ዘመድ በሆነ ሌላ ተክል ዘር ይታጠኑ ነበር፤ ትል ተብሎ ይታይ የነበረው ግን በሙቀት ከፈነዳው ዘር ውስጥ የወጣ ነጭ ቡቃያ መሆኑ ኋላ ታወቀ። የአስተናግር ጢስ ሕመምን ቢያስረሳም መርዝ ስላለው አእምሮን ጭምር ያናውጣል። ጢሱ ካልበጀ ጉጠት የያዘ ሰው ይጠራል።

ለመሆኑ የሚያመው ምንድን ነው? ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ውስጡ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ ይኖራል፤ ሥጋውም በየሥሩ ውስጥ እንደ ቀጭን ቦይ ወርዶ ከመንጋጭላው አጥንት ይገናኛል። የፊት ጥርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቦይ ሲኖረው መንጋጋ ጥርስ ሦስት ወይም አራት ሊኖረው ይችላል። የጥርሱ መቦርቦር እዚህ ሲደርስ ሥጋው ሊያብጥ ይነሣል፤ ዙሪያው ግን ግንብ ነውና የሚሰፋበት የለውም። ያ እንቅልፍ የሚነሣ ሕመም ከዚህ ይመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፈረንሳዊው ፒዬር ፎሻር በ1728 ፓሪስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የታመሙ ጥርሶችን መርምሮ ትል እንዳላየ ጻፈ። በ1838 ኤድዋርድ ሜይናርድ የተባለ አሜሪካዊ የሰዓት ሞላ አቅጥኖ ከሥሩ ቦይ ውስጥ የታመመውን ሥጋ የሚያወጣ መሣሪያ ሠራ። (ይኸው ሰው በይበልጥ የሚታወቀው በፈለሰፈው ጠመንጃ መሆኑ ያስገርማል።) በ1864 ባርነም የሚባል የኒው ዮርክ ሐኪም ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ የሚከላከል ስስ ጎማ አስለመደ። ባዶ የቀረው ቦይ በምን ይሞላ? ለዚህ በ1867 ቦውማን የተጠቀመበት ጉታ ፐርቻ በማላያ ምድር ከሚበቅል ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ነው፤ በዚያው ዘመን በባሕር ሥር የሚዘረጋው የቴሌግራፍ ሽቦ የሚለበጠውም በእርሱ ነበር። ቴሌግራፉ ቀርቷል፤ ጉታ ፐርቻው ግን ዛሬም በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አለ። ራጅም በ1895 ከተገኘ በኋላ ሐኪሙ መርፌው እስከ የት እንደ ደረሰ ለማየት ቻለ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ ወደ ኋላ የተመለሰበት ጊዜ ነበር። በ1910 ዊልያም ሀንተር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር በወርቅ በተሸፈኑ ጥርሶች ሥር የተደበቀ መግል መላውን ሰውነት ያሳምማል ብሎ ከሰሰ። ከዚያ ወዲህ የቁርጥማቱም የድካሙም ምክንያት ጥርስ ነው እየተባለ ስፍር ቁጥር የሌለው ጥርስ ተነቀለ፤ በሽታው ግን በብዙዎቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ኋላ የተደረገው ምርመራ ክሱን አልደገፈውም። በ1965 ደግሞ በአሜሪካ ከጀርም ነጻ ሆነው ያደጉ አይጦች ጥርሳቸው ተበስቶ ቢከፈት እንኳ ውስጡ ሲያገግም፥ ጀርም ያለባቸው አይጦች የጥርስ ሥጋ ግን ሲሞት ታየ። የጥንቱ ሰው «አንድ ሕያው ነገር አለ» ማለቱ በከፊል እውነት ነበረ ማለት ነው፤ በዓይን የማይታይ መሆኑን ብቻ አላወቀም። ዛሬም «ነርቩ የወጣ ጥርስ በሽታ ያመጣል» የሚል ወሬ ብትሰሙ የዚያ የ1910 ድንጋጤ ትራፊ መሆኑን ዕወቁ።

በአገራችን ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የዘመናዊ ሕክምናን በር ቢከፍትም፥ የጥርስ ሐኪም ለረዥም ዘመን ብርቅ ሆኖ ቆይቷል። የጥርስ ሐኪሞች ዛሬ በአዲስ አበባ፥ በጎንደርና በጅማ ይማራሉ። የቀረው ችግር ዋጋው ነው። ሥሩን ማከም ከመንቀል እጅግ ስለሚበልጥ የወር ደመወዙን ቆጥሮ የሚያድር ሠራተኛ ቢያመነታ አይፈረድበትም። አቅም ሲያንስ መንቀል ነውር አይደለም። እኔ ከሁለቱም የከፋ የምለው ተጀምሮ የተተወ ሕክምና ነው።

አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እናስብ። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ አደንዝዞ ጥርሱን ይከፍታል፤ ቦዮቹን በቀጫጭን መሣሪያ ይጠርጋል፤ የበረኪና ዘር በሆነ ፈሳሽ ያጥባል፤ በጊዜያዊ መሙያ ዘግቶም በቀጠሮ ያሰናብተዋል። ሕመሙ ይቆማል። ሰውየውም «ዳንሁ» ብሎ ይቀራል። ጊዜያዊው መሙያ ግን ሲሸራረፍ ምራቅና ጀርም ተመልሶ ይገባል፤ የሚሰማ ነርቭ ስለሌለ መግሉ ከሥሩ ጫፍ ድምፅ ሳያሰማ ይጠራቀማል። ሳይታከም በራሱ ሕመሙ የጠፋ ጥርስም እንዲሁ ነው፤ ሞተ እንጂ አልዳነም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አንቲባዮቲክም ደም ወደማይዘዋወርበት ቦይ ስለማይደርስ ሕክምናውን አይተካም።

ስለዚህ ስንት ቀጠሮ እንደሚያስፈልግና ዋጋው በጠቅላላ ስንት እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ፤ ሲያልቅም ራጁን አሳዩኝ በሉ። መንጋጋ ጥርስ ከታከመ በኋላ ለመሰንጠቅ ስለሚመች ሽፋኑን ወይም ክራውኑን ለሌላ ዓመት አታቆዩት። ለጥቂት ቀን ሲነክሱበት ቢያምም የተለመደ ነው። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ፥ ትኩሳት ከመጣ፥ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ ግን ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በዚያው ሌሊት ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።