ሱቁን ፈልጎ ጫማ ቤት የገዛው ሰው

ወዳጆቼ፣ ድርጅት የሚገዛ ሁሉ ሊሠራበት አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ1953 ቻርለስ ክሎር የተባለ እንግሊዛዊ ባለሀብት ጄ. ሲርስ የተሰኘውን የጫማ ኩባንያ ጠቀለለ። ዓይኑ ያረፈው ሱቆቹ ላይ ነበር። በየከተማው ዋና ጎዳና ወደ 900 ሱቆች ነበሩት፤ በሒሳብ መዝገብ ግን በድሮ ዋጋቸው ነበር የሰፈሩት። (እውነት ለመናገር ሥራ አስኪያጆቹም ተኝተው ነበር!) ክሎር እነሱን አልፎ በቀጥታ ለባለአክሲዮኖቹ ጥሩ ዋጋ አቀረበ። ከገዛ በኋላ ብዙዎቹን ሱቆች ሸጦ መልሶ ተከራያቸው። ኩባንያው ትናንት የራሱ በነበረው ቤት ኪራይ ከፋይ ሆነ። ሕግ አልተጣሰም። ግን ገበያ ሲቀዘቅዝ ኪራይ አይቀንስም፤ ያን ጊዜ ባንኮኒው ላይ የቆመው ሠራተኛ ይጨነቃል፤ ትርፉን የወሰደውማ ወስዷል።

ሌሎችም ተከተሉት። በ1964 የተቋቋመው ስሌተር ዎከር ኩባንያ እየገዛ፣ በታትኖ እየሸጠ ገነነ፤ በ1975 ራሱ ሲንገዳገድ ግን የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ደረሰለት።