የማሃድ ኩሬ ዜና

በ1919 ዓ.ም. መጋቢት 11 ቀን፣ ፈረንጆች 1927 በሚሉት ዓመት፣ በሕንድ አገር ከቦምባይ በስተደቡብ በምትገኘው የማሃድ ከተማ ለጉባኤ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰልፈው ወደ ቻቭዳር ኩሬ ሄዱ። ፊት ፊት ይመሩ የነበሩት ዶክተር ቢምራኦ አምበድካር ደረጃውን ወርደው ውሃውን በእጃቸው ጨልፈው ጠጡ። ተከታዮቻቸውም ተራ በተራ እየወረዱ ጠጡ። ኩሬው የከተማው ነበር፤ ሂንዱው ይቀዳዋል፣ ሙስሊሙ ይቀዳዋል፣ ከብቱም ይጠጣዋል። ለማሃሮችና ለመሰሎቻቸው ግን እስከዚያች ዕለት ድረስ ክልክል ነበር።

በሂንዱ ሥርዓት ሰው ደረጃውን ይዞ ይወለዳል። ብራህማኖች ከላይ ናቸው፤ ከእነሱ በታች ተዋጊው፣ ነጋዴው፣ አገልጋዩ በየተራው ይሰለፋል። ከአራቱም ውጭ የተጣሉት ደግሞ «የማይነኩ» ተባሉ፤ ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት ይላሉ። ማሃሮችም ከእነዚህ ወገን ናቸው። ያኔ ጎጇቸው ከመንደሩ ዳር ነበር። ወሰን ይጠብቁ፣ መልእክት ያደርሱ፣ የሞተ ከብት ጎትተው ያወጡ ነበር፤ ሌሎቹ ወገኖቻቸው ቆዳ ይፍቁ፣ መጸዳጃ ይጠርጉ ነበር። የነኩት ሁሉ ይረክሳል ስለሚባል ከሰው ጉድጓድ አይቀዱም፣ ቤተ መቅደስም አይገቡም ነበር።

የአምበድካር ነገር እንዲህ ነው። ቢምራኦ በ1883 ዓ.ም. ማው በተባለች የጦር ሰፈር ከማሃር ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በእንግሊዞች የሕንድ ጦር ውስጥ ለማዕረግ የበቃ ወታደር ነበር። የአባት ማዕረግ ግን ልጁን በትምህርት ቤት አላዳነውም። ቢምራኦ ከሌሎቹ ተማሪዎች ተለይቶ ከቤቱ ባመጣው ጆንያ ላይ ይቀመጣል፤ የትምህርት ቤቱ ጠራጊ ጆንያውን ስለማይነካለት ማታ ማታ ጠቅልሎ ይዞት ይገባል። ውሃ ቢጠማው ቧንቧውን ራሱ መክፈት አይፈቀድለትም። ተላላኪው ሲመጣ ይከፍትለታል፤ ተላላኪው በቀረበት ዕለት ልጁ እንደተጠማ ይውላል።

በባሮዳው ማሃራጃ ድጎማ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በለንደን ተማረ። ማሃራጃውን ለማገልገል ወደ ባሮዳ ሲሄድ ግን የሚያሳድረው ቤት አጣ። ፓርሲ በተባሉት፣ ሂንዱ ባልሆኑ ሕዝቦች ማረፊያ የፓርሲ ስም ይዞ ጥቂት ቀን ቢሰነብት፣ በ11ኛው ቀን ዱላ የያዙ ሰዎች መጥተው ውጣ አሉት። ያን ሁሉ የተማረ ሰው ዕቃውን ሸክፎ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ።

ወደ ኩሬው ዜና እንመለስ። በ1915 ዓ.ም. የቦምባይ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ኤስ. ኬ. ቦሌ ባቀረቡት ሐሳብ፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ ጉድጓዶች፣ ትምህርት ቤቶችና ፍርድ ቤቶች ለማይነኩት ሕዝቦች ክፍት ይሁኑ ሲል ወሰነ። በዓመቱ የማሃድ ማዘጋጃ ቤት ይህንኑ ተቀብሎ ቻቭዳርን ከፈተ። የተከፈተው ግን በወረቀት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ወደ ኩሬው የወረደ ማሃር አልነበረም፤ የሚደርስበትን ሁሉም ያውቀዋልና።

የደረሰውም ይኸው ነው። ያ ሰልፍ ከኩሬው ከተመለሰ ከጥቂት ሰዓት በኋላ «አሁን ደግሞ የቪሬሽዋርን ቤተ መቅደስ ሊገቡ ነው» የሚል ወሬ ከተማውን አዳረሰ። ዱላ የያዘ ሕዝብ ወጥቶ ምሳ ላይ የነበሩትን እንግዶች ደበደበ፤ ምግባቸውንም አፈር ላይ ደፋው። አንዳንዶቹ በሙስሊሞች ቤት ተሸሽገው ዳኑ። አምበድካር ወገኖቻቸው አጸፋ እንዳይመልሱ ከለከሉ፤ ከመካከላቸው በጦር ሜዳ የዋሉ ወታደሮች እያሉ ማንም እጁን አላነሣም።

ከዚያ በኋላ የከተማው ባላባቶች ውሃው ረክሷል ብለው መከሩ። ከኩሬው 108 ማሰሮ ውሃ አስቀዱ። ወተት፣ እርጎ፣ የላም እበትና የላም ሽንት ቀላቅለው ብራህማኖች እየደገሙበት መልሰው ጨመሩት፤ ኩሬው ነጽቷል ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት ማዘጋጃ ቤቱ የቀድሞ ውሳኔውን ሻረ።

በ1920 ዓ.ም. ታኅሣሥ አምበድካር እዚያው ማሃድ ዳግመኛ ጉባኤ ጠሩ። ለጉባኤው ቦታ የሚሰጥ ሂንዱ ጠፋ፤ ፋቴኻን የተባለ ሙስሊም መሬቱን ለቀቀላቸው። ታኅሣሥ 15 ቀን ሌሊት በሰንደል እንጨት በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ማኑስምሪቲ ተቃጠለ፤ ይህም የደረጃውን ሥርዓት የደነገገው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ለማቃጠሉ ውሳኔ ድጋፋቸውን ከሰጡት አንዱ ጋንጋዳር ሳሃስራቡዴ ራሳቸው ብራህማን ነበሩ። በኩሬው ላይ ግን ባላባቶቹ የእግድ ትእዛዝ አስወጥተው ስለነበር አምበድካር በዚያን ጊዜ አልወረዱም፤ ነገሩን ለፍርድ ቤት ሰጡት። ፍርዱ ዘጠኝ ዓመት ከሦስት ወር ወሰደ። በ1929 ዓ.ም. መጋቢት 8 ቀን የቦምባይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለማሃሮቹ ፈረደላቸው።

ሕንድ ነጻ ስትወጣ ያ በጆንያ ላይ የተማረ ልጅ የሕገ መንግሥቱ አርቃቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ሰውን አይነኬ ማድረግን የሚሽረውን፣ ኋላ 17ኛ ቁጥር የተሰጠውን አንቀጽ የሕገ መንግሥት ጉባኤው በ1941 ዓ.ም. ኅዳር 20 ቀን ተቀበለው። አምበድካር ግን ሕጉን ጽፈው አላረፉም። በ1949 ዓ.ም. ጥቅምት 4 ቀን ናግፑር ላይ በመቶ ሺህ ከሚቆጠሩ ተከታዮቻቸው ጋር የሂንዱን ሃይማኖት ትተው የቡድሃን እምነት ተቀበሉ። ሁለት ወር ሳይሞላም አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ሕግ በሕግ ላይ ተደረበ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ በ1947 ዓ.ም. አይነኬነትን የሚቀጣ ሕግ ወጥቶ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. በዳሊቶች ላይ ለሚፈጸም ግፍ ጠንከር ያለ ቅጣት ተጨመረ። በትምህርትና በመንግሥት ሥራ የተያዘላቸው ድርሻም ፍሬ አፈራ፤ ኬ. አር. ናራያናን የተባሉ ዳሊት በ1989 ዓ.ም. ርእሰ ብሔር ሆኑ።

ያም ሆኖ በ2003 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ 201 ሚሊዮን ከሆኑት፣ ከአገሩ ሕዝብ 16.6 በመቶ ከሚይዙት ዳሊቶች መካከል፣ በየመንደሩ ያለው ብዙ ሰው የሚኖረው በአሮጌው ልማድ ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከ40 ሺህ በሚበልጡ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት 27 በመቶ የሚሆኑት በቤታቸው አይነኬነትን እንደሚጠብቁ አልሸሸጉም። በታሚል ናዱ ገጠር ያሉ አንዳንድ ሻይ ቤቶች ሁለት ዓይነት ብርጭቆ ይይዛሉ፤ ዳሊቱ ለብቻው በተቀመጠለት ጠጥቶ ራሱ አጥቦ ይመልሳል። ለማስመሰል የሚፈልገው ባለ ሻይ ቤት ደግሞ ለእሱ ተጠቅሞ የሚጣል የፕላስቲክ ኩባያ ይሰጠዋል፤ ከሳሽ ቢመጣ የንጽሕና ነገር ነው ይላል። ጋብቻም እንዲሁ ነው፤ ከደረጃው ውጭ ያገባ ጥቂት ነው፤ ዳሊት ሆኖ የከፍተኛ ደረጃ ልጅ ወዶ ያገባም በሕይወቱ የከፈለበት ጊዜ አለ። መጸዳጃ በእጅ መጥረግ በ1985 ዓ.ም.፣ እንደገናም በ2006 ዓ.ም. በሕግ ተከልክሏል፤ ነገር ግን ወደ ከተማ ቆሻሻ ማስወገጃ ጉድጓድ ወርደው በጋዝ ታፍነው የሚሞቱት በአብዛኛው ዳሊቶች ናቸው።

በ2017 ዓ.ም. መስከረም 23 ቀን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንዲት ጋዜጠኛ ያቀረበችውን አቤቱታ ሰምቶ ፈረደ። የአንዳንድ ክልል እስር ቤቶች መመሪያ ጠረጋን ለዝቅተኛው፣ ወጥ ቤትን ለከፍተኛው ደረጃ ተወላጅ ይመድብ ነበር። ፍርድ ቤቱ ያን መመሪያ ሻረ፤ ከእስረኞች መዝገብም የደረጃው ዓምድ እንዲፋቅ አዘዘ። ክልሎቹ መመሪያዎቻቸውን አርመው እንዲጨርሱም የሦስት ወር ቀነ ገደብ ሰጣቸው።