የሙኒክ ከተማ ስለ ኮምፒዩተሮቿ ያደረገችው ክርክር



አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤውን የሚጽፍበት መሣሪያ የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ገንዘቡን የከፈለው መሥሪያ ቤት ነው የሚል መልስ ይሰጣል። በጽሕፈት መኪና ዘመን ይህ መልስ እውነት ነበር፤ መኪናዪቱ ከተገዛች በኋላ ፋብሪካው ቢዘጋ እንኳ ጸሐፊው ሥራውን አያቋርጥም ነበርና። በኮምፒዩተር ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ አልተገኘም። በጀርመን አገር የባየርን ግዛት ዋና ከተማ የሆነችው ሙኒክ ይህንኑ ጥያቄ አንሥታ ብዙ ዓመት ስለ ተከራከረችበት፣ ታሪኩን ዛሬ ባጭሩ እንናገራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማዪቱ መሥሪያ ቤቶች 14,000 የሚያህሉ ኮምፒዩተሮች ነበሯቸው። የሚሠሩትም ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ በተባለ ሥርዓተ ክወና፣ ይኸውም የመኪናውን አካላት በሚያዝና ሌሎቹን ፕሮግራሞች በሚያስተዳድር መሠረታዊ ፕሮግራም ነበር። ኩባንያው ለዚህ ዕትም የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚያቆም ባስታወቀ ጊዜ ከተማዪቱ ያላትን መለወጥ ግድ ሆነባት። የመለወጫውን ጊዜ የቈረጠው ገዢው ሳይሆን ሻጩ ነበር ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ሊኑክስ ነበር። ይህን ሥራ በ1991 የጀመሩት ሊኑስ ቶርቫልድስ ያን ጊዜ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ክፍት ምንጭ ይባላል፤ የተሠራበት ጽሑፍ ከማንም ስለማይሰወር፣ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለሌላም ያካፍለዋል። ነገር ግን የፈቃድ ክፍያ የለውም ማለት ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ የሚያስተካክለውና የሚያስተምረው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል።

የሙኒክ ነገር እንደ ተሰማ፣ በ2003 የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር በስዊስ አገር የነበሩበትን የበረዶ ሸርተቴ ዕረፍት አቋርጠው ከንቲባውን ክርስቲያን ኡደን ለማነጋገር መጡ። ኩባንያውም ዋጋውን እጅግ ቀነሰ። ሆኖም ምክር ቤቱ በግንቦት 28 ቀን 2003 በሊኑክስ በኩል ድምፁን ሰጠ። ስለ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልወሰነም ነበር፤ ያን ጊዜ የቀረበው የማይክሮሶፍት ዋጋ ያነሰ ነበርና። የፈለገው ለአንድ ሻጭ ተገዢ ላለመሆን ነበር።

ሥራው ሲጀመር ያስቸገረው ሥርዓተ ክወናው ሳይሆን ወረቀቱ ነው። ማንም በመዝገብ ቤት ያገለገለ ሰው ነገሩን ያለ ችግር ይረዳዋል። እያንዳንዱ ክፍል ለፈቃዱ፣ ለማስጠንቀቂያው፣ ለደረሰኙ የየራሱን የደብዳቤ አብነት አዘጋጅቶ ኖሯል፤ አንዳንዱም አብነት በውስጡ አድራሻና ቀን ራሱ የሚሞላ ትንሽ ትእዛዝ ነበረው። ተቈጥሮ ቢታይ እንዲህ ያለው ነገር ሃያ ሺህ ያህል ሆነ። ይህ ሁሉ ለማይክሮሶፍት ጽሕፈት ፕሮግራም ስለ ተሰናዳ፣ ወደ አዲሱ ሲዛወር መስመሩ ይዛነፋል፣ ትእዛዙም አይሠራም። በዚያ ላይ የየራሳቸው አሠራር ያላቸው የኮምፒዩተር ክፍሎች ከሃያ አያንሱም ነበር። የከተማዪቱ ባለሙያዎች አብነቶቹን ባንድ የሚያስተዳድር ዎልሙክስ የሚባል ፕሮግራም ሠርተው በ2008 ለማንም እንዲሆን ለቀቁት። በእኛ አስተያየት ከሥራው ሁሉ ይህ ይበልጣል፤ ምናልባትም ዊንዶውስን ሳይለቁ ከብዙ ዓመት በፊት ሊሠሩት ይገባ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች በ2006 ተዛወሩ፤ በ2013 መጨረሻ ከ14,000 በላይ ደርሰው ሥራው መፈጸሙ ታወጀ። ከተማዪቱ ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በላይ እንደ ተረፈላት ስትናገር፣ ማይክሮሶፍት ያስጠናው ጥናት ደግሞ የዚህን ተቃራኒ አለ።

በ2014 ግን ከንቲባው ተለወጡ። አዲሱ ከንቲባ ዲተር ራይተር የሠራተኞችን ቅሬታ እየጠቀሱ ነገሩ እንደገና እንዲመረመር አደረጉ። ከውጭ የሚመጣ ሰነድ ሲከፈት መልኩ ይለወጣል የሚለው ቅሬታ እውነት ነበር። በ2016 ማይክሮሶፍት የጀርመን ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሙኒክ ከተማ አዛወረ፤ ሁለቱን ነገር ያገናኙ ሰዎች አልታጡም፣ እኛ ግን ማስረጃ በሌለበት እንዲህ ነው አንልም። የከተማዪቱ የኮምፒዩተር አገልግሎት ኃላፊ በ2017 ከሊኑክስ የተነሣ ከባድ ችግር አላየንም ብለው ነበር። ምክር ቤቱ ግን በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወሰነ፤ ለዚህም ወደ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ገንዘብ ተመደበ።

በፈረንሣይ አገር የጃንዳርሜሪው ጦር በ2005 ከጽሕፈት ፕሮግራሙ ጀምሮ፣ ኋላም ከ2008 አንሥቶ ሥርዓተ ክወናውን እየለወጠ፣ ከ70,000 በላይ ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊኑክስ አዛውሯል። ጦር ስለ ሆነ ትእዛዙ ካንድ በር ይወጣል፤ በሙኒክ ግን ትእዛዙ በየስድስት ዓመቱ በሚመረጥ ምክር ቤት ላይ ያደረ ነበር።

በ2020 ሙኒክን ለማስተዳደር የተስማሙት ፓርቲዎች በተቻለ መጠን ክፍት ምንጭ እንዲሠራበት ውል ገቡ። በ2024 ደግሞ ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው የሰሜን ጀርመን ግዛት 30,000 ያህል የሥራ ቦታዎችን ወደዚሁ ለማዛወር ወስኖ፣ የጀመረው ከጽሕፈት ፕሮግራሙ ነው።