በአንድ ሞተር የበረረው ባለ ሁለት ሞተር

«ፋንተም» ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ በቬትናም ጦርነት ፊልሞች ላይ ጥቁር ጭስ እየጎተተ የሚያልፈው ግዙፍ ጄት ነው። እሱ ግን ሁለተኛው ፋንተም ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1943 ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የሚነሳ ተዋጊ ጄት ፈለገ። እንደ ግራማን ያሉት አንጋፋ ፋብሪካዎች ግን ለጦርነቱ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በማምረት ተጠምደዋል። ሥራው በ1939 ለተቋቋመውና ገና ስም ላላወጣው የሴንት ሉዊሱ ማክዶኔል ተሰጠ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የዚያን ዘመን የጄት ሞተር ነዳጅ እንደ ውኃ ይጠጣል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ዘገምተኛነቱ ነው። ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ነዳጅ ሲሰጡት ወዲያው ይወነጨፋል፤ ጄቱ ግን ጉልበቱን እስኪሰበስብ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ሰፊ ሜዳ ላይ ይህ ችግር የለውም። መርከብ ላይ ግን ወለሉ ያልቅና ባሕር ውስጥ ነው!

መሐንዲሶቹ መጀመሪያ እስከ አስር ትንንሽ ሞተሮች ክንፍ ውስጥ ለመደርደር አስበው ነበር። በመጨረሻ በሁለት የዌስቲንግሃውስ ሞተሮች ተስማሙ። አውሮፕላኑ ተሠርቶ ሲያልቅ ታዲያ የደረሰው ሞተር አንድ ብቻ ሆነ። ምን ይደረግ? ጃንዋሪ 26 ቀን 1945 የሙከራ አብራሪው ዉድዋርድ በርክ በዚያችው በአንዷ አስነስቶ አበረረው። ይኸው በርክ ኖቬምበር 1 ቀን በዚሁ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ።

ሥራው ግን አልቆመም። ጁላይ 21 ቀን 1946 ጄምስ ዴቪድሰን ፋንተምን ከ«ፍራንክሊን ዲ. ሩዝቬልት» መርከብ ላይ አስነስቶ መልሶ አሳረፈው። እርግጥ እንግሊዛዊው ኤሪክ ብራውን ዲሴምበር 3 ቀን 1945 «ቫምፓየር» የተባለውን ጄት መርከብ ላይ በማሳረፍ ቀድሞታል። ሜይ 1948 ላይ ግን ፋንተም የታጠቀ አንድ ስኳድሮን «ሳይፓን» በተባለችው መርከብ ላይ ለግዳጅ ብቁ ተባለ። በመርከብ ላይ የሚሠራ የመጀመሪያው የጄት ስኳድሮን መሆኑ ነው።

ከዚያስ? ከዚያማ ጊዜ አለፈበት። መቶ ታዝዞ የነበረው፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ 60 ወረደ። ቦምብ አይሸከምም። አብራሪውን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር የለውም። አፍንጫው ላይ የተደረደሩት አራት መትረየሶች ሌሊት ሲተኮሱ፣ ብልጭታቸው የገዛ አብራሪውን ዓይን ያጠፋል። አንድም ጦርነት ሳይዋጋ ከፊት መስመር ተሰናበተ።

ታዲያ ከንቱ ልፋት ነበር? በፍጹም! ማክዶኔል ከፋንተም የተማረውን ይዞ «ባንሺ»ን ሠራ፤ ባንሺ ኮሪያ ላይ ተዋጋ። በ1958 የበረረው ሁለተኛው ፋንተም ደግሞ ከ5 ሺህ በላይ ተመረተ። ዛሬ ዝናው ሁሉ የእሱ ነው። ጄት መርከብ ላይ አይሆንም ይሉ የነበሩትን አሜሪካኖች አፍ ያስያዘው ግን በርክ በአንድ ሞተር ያስነሳው ያ ትንሹ ፋንተም ነበር።