ጥንዚዛ ገዳዩ ሻጋታ

እንጀራ ሲሻግት እናቶቻችን ከመሶብ አውጥተው ይጥሉታል። ይህን እያየ ያደገ የጌጃ ሰፈር ልጅ ሻጋታና መድኃኒት አንድ ላይ አይመጡለትም። ፔኒሲሊንን ብናነሣበት «እሱንስ ተምሬዋለሁ» ይለን ይሆናል። እኛ የምናወራው ግን ስለ ሌላው፣ ስሙ እምብዛም ስለማይነሣው ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።)

ሳንዶዝ የተባለው የስዊስ መድኃኒት ኩባንያ ሠራተኞቹ ለዕረፍት ከሄዱበት አገር ጥቂት አፈር በከረጢት ይዘው እንዲመለሱ ያበረታታ ነበር። በ1969 ሐንስ ፒተር ፍሬይ ከኖርዌይ ሃርዳንገርቪዳ አምባ አፈር ይዞ ገባ። ከአፈሩ አንድ ሻጋታ በቀለ፤ ከሻጋታውም ሳይክሎስፖሪን ወጣ። መጀመሪያ የተፈለገው ሌሎች ሻጋታዎችን እንዲገድል ነበር፣ በዚያ በኩል ብዙም አልረባም። በ1972 ግን የሰውነትን የመከላከያ ኃይል እንደሚያበርድ ታየ። ክብሩ ለቦረል ነው ወይስ ለአለቃው ለስቴሄሊን? በዚህ ኋላ ብዙ ቀለም ፈሷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቲ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያገኙ ኢንተርሉኪን 2 በሚባል መልእክት ጓደኞቻቸውን ይጠራሉ። ሳይክሎስፖሪን ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኤንዛይም ጠፍሮ ስለሚይዘው ጥሪው ሳይወጣ ይቀራል። በዚህም የተተከለ ኩላሊት ከመባረር ይድናል፤ የዓይን ውስጥ ብግነትና የመገጣጠሚያ ሕመምም ይበርዳሉ። ጉዱ ምንድነው ቢሉ፣ መጠኑ ሲበዛ ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል! ካልን የተባለው ሐኪም በ1978 ካምብሪጅ ላይ በኩላሊት ሕሙማን ሞከረው፤ አሜሪካም በ1983 ፈቀደችው።

ሻጋታው ራሱ ማን እንደሆነ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በ1994 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንጉዳይ ፍለጋ ጫካ ወጥተው ከጥንዚዛ እጭ ላይ የበቀለች ትንሽ እንጉዳይ አገኙ። ኬቲ ሆጅ ስትመረምራት ያው የኖርዌዩ ሻጋታ ሆና አረፈችው፤ ውጤቱ በ1996 ታተመ። አፈር ውስጥ ሰላማዊ መስሎ የኖረው ለካ ነፍሰ ገዳይ ኖሯል። በዚያው በ1994 ጃፓን ውስጥ የፉጂታ ቡድን ከሌላ ነፍሳት በል ሻጋታ ማይሪዮሲንን አወጣ፤ እሱን አሻሽለው የሠሩት ፊንጎሊሞድም በ2010 መልቲፕል ስክለሮሲስ ለተባለው የነርቭ በሽታ ተፈቀደ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2015 በጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀመረ። የተተከለለት ሰው መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን መዋጥ አለበት፤ ይህም በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ባይዋጥስ? ኩላሊቱ ይባረራል፣ ሰውየው ወደ እጥበቱ ይመለሳል።

ኖርዌይ ከዚያች ከረጢት አፈር አንዲት ሳንቲም አላገኘችም። እኛ እንኳ በ2006 የወጣ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 482፤ የጄኔቲክ ሀብታችንን የሚወስድ ፈቃድ እንዲጠይቅና ጥቅሙን እንዲያካፍል ያዛል።  ቦቬሪያንና ሜታሪዚየምን የመሳሰሉ ነፍሳት ገዳይ ሻጋታዎችን ተመራማሪዎቻችን ከአገራችን አፈር ለይተው በሰብል ተባይ ላይ ሞክረዋቸዋል። እዚሁ ልደታ፣ ጥቁር አንበሳ የሚማሩት ጓደኞቻችን ደግሞ የሕሙማኑን ብግነት በየዕለቱ ያያሉ። ሁለቱ ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ምን ይነጋገሩ ይሆን?